ክብር በካሬ ሜትር

ያለ ባነር የተካሄደ ስብሰባ ሕጋዊነቱ ያጠራጥራል። ቃለ ጉባኤው ሊጠፋ ይችላል። አጀንዳው ሊቀየር፣ ሻይ ቡናው ሊያልቅ፣ የክብር እንግዳውም በአስቸኳይ ሥራ ምክንያት ተወካይ ሊልኩ ይችላሉ። ባነሩ ግን ከዋዜማው ጀምሮ በአራት ማዕዘኑ በሲባጎ ተወጥሮ መድረኩ ላይ ይጠብቃል። ግራፊክ ዲዛይን የምማር ሰው ስለሆንኩ ይህን ታማኝነት ሳላወድስ ማለፍ አይሆንልኝም። ክፍል ውስጥ ስለ ፊደል ውፍረት፣ ስለ ቀለም ስምምነትና ስለ ባዶ ቦታ ጥቅም የተነገረኝ ሁሉ ከግቢው በር ማዶ አንድም እንደማይሠራ ያስረዳኝ ባነር ነው። ደመወዝ ሳይጠይቅ የሚያስተምር መምህር ደግሞ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

ምስጢሩ ከዋጋው ይጀምራል። ማተሚያ ቤት ገብቶ ባነር የሚያዝዝ ሰው የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስንት በስንት?» ርዝመቱ በቁመቱ ይባዛና ሒሳቡ በካሬ ይወጣል። ለፕላስቲኩ ይከፈላል፣ ለቀለሙ ይከፈላል፣ ጠርዙ ላይ ለሚመታው ቀለበት ሳይቀር ይከፈላል። ዲዛይኑ ግን ምርቃት ነው። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ልጅ ሎጎ አፈላልጎ፣ ጽሑፍ ተይቦ፣ ቀለም መርጦ፣ ደጋግሞ አፍርሶ የሚሠራው ሁሉ ደረሰኝ ላይ መስመር የለውም።

እንግዲህ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ቦታው በብር የተገዛ፣ ፊደሉ በነፃ የተገኘ ከሆነ ባዶ ቦታ መተው ምን ይባላል? በኦዲት ቋንቋ ብክነት ይባላል። ስድስት ካሬ ተከፍሎበት ሁለቱ ካሬ ባዶውን የተሰቀለ እንደሆነ ወጪውን የፈቀደው ኃላፊ ነገ ምን ብሎ ሊመልስ ነው? «ለዓይን እረፍት ነው» ሊል? የማን ዓይን ነው በመንግሥት በጀት የሚያርፈው?

ስለዚህ ይሞላል። ከላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም በሁለት ቋንቋ፣ አንዳንዴም በሦስት። ከስሙ ሥር ዘርፉ፣ ከዘርፉ ሥር ዳይሬክቶሬቱ፣ ከዳይሬክቶሬቱ ሥር የመድረኩ ዓላማ፣ ከዓላማው ሥር መሪ ቃሉ፣ ከመሪ ቃሉ ሥር ቀኑና የአዳራሹ ስም፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው የት እንዳለ እንዳይጠፋው ነው። በስተቀኝ ግድብ፣ በስተግራ ነጭ ጋዋን ለብሳ በማይክሮስኮፕ የምታይ ልጅ፣ መሐል ላይ ችግኝ ያቀፉ ሁለት መዳፎች። ጉዳዩ የግብር አሰባሰብ ቢሆንም ችግኙ አይቀርም። ከበስተጀርባ አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቀይ ይፈስሳል። በዚህ ጎርፍ ላይ ጥቁር ፊደል አልታይ ሲል ነጭ ጠርዝ ይደረግለታል። ነጩ ጠርዝ ቢጫው ላይ ሲጠፋ ጥላ ይጨመራል። ጥላውም ቀዩ ላይ አልለይ ሲል ሁሉም ነገር ትንሽ ይተልቃል።

ማተለቅን በተመለከተ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውና ልጁ የሚነጋገሩት ይኸው ነው፤

«የኛን ሎጎ ትንሽ አተልቀው።»

«እሺ ጋሼ፤ ግን ጽሑፉን ይገፋዋል።»

«ጽሑፉንም አተልቀዋ!»

«ታዲያ የአጋሮቹ ሎጎ ትንሽ ሆኖ ይቀራል።»

«እንዴ፣ ልታስቀይመን ነው እንዴ? አተልቀው እንጂ!»

አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ፖላ ሼር እ.ኤ.አ. በ2002 ላሳተመችው መጽሐፍ ርዕስ ያደረገችው ይህንኑ የደንበኛ ልመና ነው፤ ትልቅ አድርጊው። ስለዚህ በሽታው የኛ ብቻ ነው ብዬ አላማም። እዚያ የመጽሐፍ ርዕስ የሆነው እዚህ መመሪያ ሆነ እንጂ።

ለኃላፊው ግን ልፍረድለት። እኛ ክፍል ውስጥ የምንጨነቀው የተመልካቹ ዓይን መጀመሪያ የት ያርፍ ይሆን እያልን ነው። እሱ የሚጨነቀው ማን ከማን አጠገብ፣ ማን ከማን በላይ ይቀመጥ በሚለው ነው። አስተባባሪው፣ ተባባሪው፣ አጋሩና ገንዘቡን የሰጠው እያንዳንዳቸው ሎጎ አላቸው። ሎጎ ደግሞ በኛ ዘንድ ሰው ነው፤ ይከበራል፣ ይቀየማል፣ ከጎረቤቱ አንድ ጣት ያነሰ እንደሆነ ስልክ ያስደውላል። ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ አስደግፎ የሁለት ድርጅቶችን ሎጎ ቁመት የሚለካ ኃላፊ አይቻለሁ። የሚለካው ለተነባቢነት አልነበረም፤ ለሰላም ነበር። ባነር የሚነበብ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ የኔ ቢጤ ተማሪ ብቻ ነው። ባነር የክብር ወንበሮች ድርድር ነው፤ ከመድረኩ ወንበር የሚለየው ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ነው።

የማተለቁን ዕዳ የሚከፍለው ፊደሉ ነው። ረጅም ርዕስ በአንድ መስመር አልገባ ሲል ልጁ ከሁለት ጎን ይዞ ይጨምቀዋል፤ አጭር ሲሆን ደግሞ ይጎትተዋል። የግዕዝ ፊደል ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን የሆነው እንዲያው አልነበረም። ቁም ጸሐፊው የመቃ ብርዑን አፍ ቀርጾ ብራናው ላይ ሲያሳርፈው ወደ ታች የሳበው ይወፍራል፣ ወደ ጎን የሄደው ይቀጥናል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለዘመናት የተጠበቀው አንድ ቀን አንድ ልጅ በማውስ ጎትቶ ቋሚውን ክር፣ አግድሙን አጣና እንዲያደርገው ኖሯል። ጸሐፊው ቀይ ቀለሙንም ይሰስት ነበር፤ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ይቆጥበዋል። እኛ ንፉግ አይደለንም፤ ለስልክ ቁጥር እናውለዋለን።

ከዚህ መከራ መሐል ኒያላ ለሚባለው የፊደል ቅርጽ ለብቻው ማልቀስ ያስፈልጋል። ጆን ሃድሰንና ጀራልዲን ዌድ ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በየቢሮው የገባው ይህ ፊደል ስሙን የወሰደው ከደጋ አጋዘን ነው። እንስሳው በባሌ ተራሮች እየተመናመነ ነው፤ ፊደሉ ግን ከየደብዳቤው፣ ከየበሩና ከየግድግዳው ያየናል። ኒያላ የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ስለሆነ ደማቅ የሚባል ወንድም የለውም። ይህን ለጽሕፈት ክፍል ማስረዳት አይቻልም። ማድመቂያው ሲነካ ኮምፒዩተሩ እምቢ ማለት ስለማይችል ፊደሉን አሳብጦ ያቀርባል፤ የ«መ» ሁለት ዓይኖች ተጨናብሰው አስም የተነሳባት መነጽር ለባሽ ትመስላለች። ከዚያ ከሥሩ ይሰመርበታል። ከዚያ ጥላ ይደረግለታል።

መሪ ቃሉስ? በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የሚባሉ ሰው የአገሪቱን የቱሪዝም ሥራ ሲያቋቁሙ፣ የዘመን መቁጠሪያችንን አይተው «የ13 ወር ፀጋ» አሉ። ሦስት ቃል ነው፤ ጳጉሜን አለበት፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ ፀሐዩም፤ ቱሪስቱ ሰምቶ አይረሳውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በ«ምድረ ቀደምት» እስኪተካ ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አገር ተሸከመ። እንዲህ ያለ ነገር የሚሆነው ኮሚቴ ሳይቋቋም ሲቀር ነው። ዛሬ ቢሆን ረቂቁ ለባለድርሻ አካላት ቀርቦ፣ ግብዓት ተሰብስቦበት፣ «የ13 ወር ዘላቂ፣ አካታችና ተወዳዳሪ ፀጋ ለሁለንተናዊ ዕድገት» ሆኖ ይጸድቅ ነበር። ፀሐይ ማስገባት ረስተዋል የሚል ካለ ሎጎው ላይ ትወጣለች።

ስብሰባው ሲጠናቀቅ ተሰብሳቢው መድረኩ ላይ ወጥቶ ፎቶ ይነሣል። የፊተኛው ረድፍ ይቀመጣል፣ የኋለኛው ይቆማል፣ ከቆሙት ጭንቅላት ጀርባ መሪ ቃሉ፣ ዓላማውና ቀኑ ይሰወራሉ። ከላይ የሚቀረው የሎጎው ረድፍ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ላይ የሚለጠፈውም ይኸው ነው። አያችሁ የኃላፊውን ጥበብ? ማስመሪያ ይዞ የለካው ለዚህች ቅጽበት ነበር።

ከዚያ ባነሩ ጡረታ ይወጣል። አንድ ሳምንት ዘበኛው ጋ ተጠቅልሎ ይቆይና ጉሊት ላይ ብቅ ይላል። ከላይ «የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» ይላል፣ ከሥሩ ቲማቲም፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት በመደብ በመደብ ተደርድሯል። ዝናብ ይመልሳል፣ ፀሐይ ይጋርዳል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አገልግሎት ሲሰጥ ዲዛይነሩ ቢያየው ደስ ይለዋል። አትክልት የምትሸጠው እናት ደግሞ እንደ እኛ አላጨማለቀችውም፤ የታተመውን ፊት ወደ ውስጥ፣ ነጩን ወደ ውጭ አድርጋዋለች። ባዶ ቦታ ሙቀት እንደሚቀንስ ታውቃለች።

ባነር ለዕለት ነው፤ የመሥሪያ ቤት መግቢያ ግን ለዘለቄታው ያጌጣል። ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች በሦስት ሰሌዳ ይቆማሉ። ራዕዩ ዓመት ተቆርጦለት «ሆኖ ማየት» ብሎ ይጨርሳል። ዓመቱ ያለፈ እንደሆነ አዲስ ቁጥር በስቲከር ይለጠፍበታል፤ ራዕዩን መቀየር ወጪ አለው። ከአጠገቡ የዜጎች ቻርተር የሚባለው ሰንጠረዥ አለ። ምን አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ዝርዝሩ ሙሉ ነው። ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ሰሌዳው ከሰው ቁመት በላይ የተሰቀለ ነው። ይህም በጥናት ሳይሆን አይቀርም፤ ተገልጋዩ ደቂቃውን አንብቦ ሰዓቱን ማየት ቢጀምር መልካም አስተዳደር ላይ ጫና ይፈጥራል።

አሁን ከዚህ ሁሉ ጌጥ አልፋችሁ ወደ መስኮቱ ስትደርሱ አንድ ወረቀት ታገኛላችሁ። ሙሉ ነጭ ወረቀት ላይ በማርከር ሁለት ቃል ተጽፏል፤ «ሲስተም የለም»። ቆሜ አደነቅኩት። ጥቁር በነጭ ላይ ነው። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ከሰልፉ መጨረሻ ይነበባል። ዙሪያው ሰፊ ባዶ ቦታ አለው። የተለጠፈው በዓይን ትክክል ነው። ሎጎ የለውም፣ መሪ ቃል የለውም፣ ችግኝ የለውም። አንብቦ ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አንድ ጊዜ አይቶ፣ ከንፈሩን መጥጦ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። መምህሮቻችን ስለ ግልጽ መልእክት ያሉትን ሁሉ አሟልቶ ያየሁት ሥራ ይህ ነው፤ የሠራው ደግሞ አገልግሎት ላለመስጠት የቸኮለ ሰው ነው። አገልግሎት መስጠት ስንፈልግ ለምን እንዲህ እንደማንጽፍ ጠይቄ ነበር። «ለመሥሪያ ቤቱ ገጽታ አይመጥንም» ተባልኩ።

ስለ ገጽታ ካነሣን ዘንድ የጠላ ቤቷን እመቤት መውቀስ አለብኝ። ይህች ሴት ብራንዲንግ የሚባል ነገር ጨርሶ አልገባትም። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ከበሯ ፊት ትተክላለች፤ በቃ። ፊደል የለ፣ ስልክ ቁጥር የለ፣ «ጥራት መለያችን ነው» የለ። ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም፣ የሰፈሩም ሰው መንገደኛውም እኩል ያነበዋል። ጠላው ያለቀ እንደሆነ ጣሳውን ታወርደዋለች፤ ማስታወቂያዋ እውነት ብቻ ነው የሚናገረው። እንዲህ ባለ አሠራር ድርጅት አያድግም። ሥጋ ቤቱም ከሷ አይሻልም፤ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ አድርጎ ከመንገድ ማዶ ያለው ሰው ይግባ አይግባ በአንድ እይታ እንዲወስን ያደርገዋል። ሰው አንድ ጊዜ አይቶ የሚረዳው ነገር ምኑን ክብር ሆነ?

ክብር የሚፈልግ ድርጅት ሎጎ ያሠራል። የሎጎ መጋዘናችን ብዙ ዕቃ የለውም፤ ያለው ግን አያልቅም። ለትምህርት ቤት የተገለጠ መጽሐፍና ችቦ። ለፋብሪካ ጥርስ ያለው ጎማና የስንዴ ዘለላ። ለአስመጪና ላኪ ሉል፤ ሉሉን የሚዞር ቀስት ቢጨመር ወደ ሕንድም ይልካል ማለት ነው። ለካፌ ጀበና፣ ለቡና ላኪ የቡና ፍሬ፣ ለሚዲያም የቡና ፍሬ፣ ለሶፍትዌር ድርጅት የአክሱም ሐውልት። ለተቀረው ሁሉ የምትወጣ ፀሐይ። ቅርጹ ክብ ነው። ለምን ክብ እንደሆነ ብዙ ተከራክረንበታል፤ እኔ ያገኘሁት መልስ ማህተም ነው። በዚህ አገር ሥልጣን ያለው ግራፊክ ማህተምና ቲተር ብቻ ነው። ሎጎው ተገልብጦ ቢታተም ደብዳቤው ይሄዳል፤ ማህተሙ ከደበዘዘ ግን ባለጉዳዩ ከጎንደርም ቢመጣ ይመለሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሎጎ ሲያድግ ማህተም መሆን ይመኛል። ስሙን በዙሪያው ያስጠመጥማል፣ ከሥሩ የተመሠረተበትን ዓመት ይጽፋል፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ ሲቀመጥ የምስር ፍሬ ያህል ይሆንና ስሙን ራሱ ባለቤቱም አያነበውም።

እጅ ለእጅ የተጨባበጡትን መዳፎች ሳልጠቅስ ባልፍ ፀሐይዋ ታዝንብኛለች። መጨባበጡ የኢንሹራንሱም፣ የቁጠባ ማኅበሩም፣ የዕርቅ ኮሚቴውም ነው። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ምልክት ከየት እንደሚያውቀው አይጠፋውም። የአሜሪካ ዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በስንዴ ጆንያውና በዘይት ቆርቆሮው ላይ ያደረገው ሁለት የተጨባበጡ እጆችን ነበር። ምልክቱ በገንዘቡ በሚሠራው ነገር ሁሉ ላይ እንዲታይ የሚያስገድድ ደንብም ነበረው። ቆርቆሮው ዘይቱ ሲያልቅ ውኃ ቀዳ፣ እህል ሰፈረ፣ ተዘርግቶ በር ሆነ፤ እጆቹም አብረው ዞሩ። ድርጅቱ በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ቆርቆሮው ግን ዛሬም ሽሮ ይይዛል። የትኛውም የግብይት ባለሙያ ምልክቱን በዚያ ያህል ጓዳ ውስጥ ማስገባት የሚችል አይመስለኝም፤ ብልሃቱም ቀላል ነው፤ ቆርቆሮው ውስጥ መጀመሪያ ዘይት ነበረበት።

ሎጎ ዋጋው ስንት ነው? ባሕር ማዶ ሁለት ታሪክ አለ፤ አንደኛው ደንበኞቼ እንዳይሰሙት የምጸልይለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ካሮሊን ዴቪድሰን የተባለች የፖርትላንድ ዲዛይን ተማሪ የናይኪን ምልክት ሠርታ የተከፈላት 35 ዶላር ነበር። ድርጅቱ ኋላ አክሲዮን ሰጥቶ ክሷታል፤ ደንበኛ ግን ታሪኩን 35 ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያም ውድ ነው ይላል። ሁለተኛው የፖል ራንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ስቲቭ ጆብስ ኔክስት ለተባለው ድርጅቱ ሎጎ ሲያሠራው አማራጮች ጠየቀው፤ ሽማግሌው አማራጭ አላቀርብም፣ ችግርህን እፈታልሃለሁ፣ ትከፍለኛለህ አለ። 100,000 ዶላር ተከፈለው። አቶ ራንድ እኛ ጋ ቢመጡ ኖሮ ወደ ግዥ ክፍል ይላኩ ነበር።

እዚያም የሚጠብቃቸው የጨረታ ማስታወቂያ ነው። ተጫራቾች የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥርና የግብር ክሊራንስ ማቅረብ አለባቸው። የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ ያስይዛሉ። የመሥሪያ ቤቱን ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች ባንድነት የሚገልጽ ሎጎ፣ ዘመናዊ ግን ባህላዊ፣ ቀላል ግን ሁሉን ያካተተ፣ በሦስት አማራጭ ሠርተው በታሸገ ፖስታ ከዋናውና ከኮፒው ጋር ያስገባሉ። አሸናፊው የሚለየው በዝቅተኛ ዋጋ ነው። መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በከፊልም ሆነ በሙሉ የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። ጨረታው የተሰረዘ እንደሆነ ሲፒኦው ለተጫራቾች ይመለሳል፤ ሎጎዎቹ አይመለሱም።